አራተኛ ፎቅ ላይ የሚቆም ባቡር

በዚያ ክረምት ከሰው ሁሉ አብልጬ የማምነው የኮንዶሚኒየማችንን የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ተስፋሚካኤልን ነበር፤ አጥብቄ የምፈራው ደግሞ የገዛ እናቴን። ዛሬ ይህን ሳወራ የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ አያቴን ብረት ልታስገባቸው መሆኑንም በሁለት ጆሮዬ ሰምቼ ነበር።

ቤታችን ገላን ነው። ዕጣው ለእናቴ ሲወጣላት አራተኛ ፎቅ ሆነ፤ ዕጣና ልጅን ደግሞ መርጦ የተቀበለ የለም። ሕንፃው ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም ነበር። አባቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር አንዴ ከወጣ የሚመለስበትን ቀን ከእግዚአብሔርና ከጉምሩክ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ሥርጉት ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ትሠራ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት የምንውለው እኔና የእናቴ አባት ገብረጻድቅ፣ እኔ «አባባ» የምላቸው፣ ብቻ ነበርን።

እናቴ ጠዋት ስትወጣ ለሁለታችንም በየተራ አደራ ትሰጣለች። አባባን ጮክ ብላ፣ «አባዬ፣ ሮዳስን አደራ» ትላቸዋለች። እኔን ደግሞ በር ላይ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ከአባባ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» ትለኛለች። ሁለተኛው አደራ ለምን በሹክሹክታ እንደሚሰጥ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሹክሹክታ ይወዳል፤ በጆሮው የነገሩትን ሁሉ እንደ ሹመት ይቆጥረዋል።

አባባ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል በሚመላለሰው ባቡር ላይ ቲኬት ሲቆጣጠሩ ነው። ባቡሩ መሄድ ካቆመ ሰንብቷል፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። አባቴን ሲያገኙት፣ «ባቡሬን የገደለብኝ ያንተ መኪና ነው፤ በዚያ ላይ ልጄን ዳርኩልህ» ይሉታል። በሕንፃችንም የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ የላይኛው ቤት ውኃ የታችኛውን ጣሪያ ሲያረጥብ፣ «ጋሽ ገብረጻድቅ ይምጡልን» ይባላል። እሳቸውም ይሄዳሉ፤ ሁለቱንም ወገን ሰምተው ሲያበቁ ሁለቱንም ይቆጣሉ፣ ሰዎቹም ቁጣውን ተካፍለው ይታረቃሉ።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ቆባቸውን ያደርጉና፣ «ተሳፈሪ» ይሉኛል። ባቡራችን በረንዳው ነበር። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ደፍተው እሱ ላይ ያስቀምጡኛል፤ ራሳቸው የበረንዳውን መደገፊያ ብረት በአንድ እጃቸው ይዘው ጎናቸውን ወደ ውጭ ይሰጣሉ። «ቢዬ» ይላሉ በፈረንሳይኛ። ያለቀ የአውቶቡስ ቲኬት እሰጣቸዋለሁ፤ ጫፉን በጥፍራቸው ቀደድ አድርገው ይመልሱልኛል። ከዚያ በኋላ ጉዞ ነው። ከአዋሽ መተሐራ፣ ከመተሐራ ወለንጪቲ። ማዶ ካለው ሕንፃ የተሰጣው ልብስ አዳማ ነው፤ ታች መንገዱ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱት ሴቶች የሞጆ ጣቢያ ነጋዴዎች ናቸው። የከሰሉ ጢስ እኛ ዘንድ ሲደርስ አባባ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «መስኮቱን ዝጊ፣ ልብስሽ ይጠቁራል» ይሉኛል። የማይታይ መስኮት እዘጋለሁ።

መውረጃችን አቃቂ ነው። መውረድ ደግሞ ትምህርት ነበረው። «ባቡር ቆሞ መውረድ የተሳፋሪ ነው» ይላሉ አባባ፤ «የባቡር ሰው ፍጥነቱ ሲቀዘቅዝ ነው የሚወርደው። ፊትሽን ወደ ባቡሩ አካሄድ ታዞሪያለሽ፣ ቀኝ እግርሽን ታስቀድሚያለሽ፣ ከዚያ እጅሽን መልቀቅ ነው። የሚያመነታ ሰው ነው የሚወድቀው።» ግን አቃቂ ደርሰን አናውቅም። ሁልጊዜ ዱከም ላይ አንድ ነገር ያስቆመናል፤ አንድ ቀን ዝናቡ፣ አንድ ቀን የአባባ እንቅልፍ፣ አንድ ቀን ከበቆሎ ጠባሾቹ አንዷ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ አንድ እሸት ላምጣልዎ?» ትላለች፤ እሳቸውም ባቡሩን ረስተው ዋጋ ይከራከራሉ።

አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት እናቴ ሳትጠበቅ መጣች። እኔ ሳፋዬ ላይ ነኝ። አባባ ቀኝ እግራቸውን በመደገፊያው መካከለኛ ብረት ላይ አውጥተው፣ ወገባቸው ከላይኛው ብረት በላይ ሆኖ፣ «ዱከም» ብለው ተጣርተዋል። የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። ያየሁት ፌስታሏ ሳሎን ውስጥ ወድቆ ቲማቲሙ በየአቅጣጫው ሲንከባለል ነው። ከዚያ አባባን ከኋላቸው ወገባቸውን ጠምጥማ ይዛ ወደ ውስጥ ጎትታ ጣለቻቸው። አብራቸው ወደቀች።

«ምን ሆነሻል፣ ሥርጉት?» አሉ አባባ ወለሉ ላይ እንዳሉ። «ጣቢያ ሳንገባ?»

እናቴ እንደያዘቻቸው ቀረች፤ ጉንጯን በኮታቸው ጀርባ ላይ ለጥፋ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር። እኔ ሳፋዬ ላይ ተቀምጬ እናቴ አያቴን ስትደበድብ አየሁ። በእርግጥ ያየሁት ይህን አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ግን ሌላ የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

በማግስቱ የበረንዳው በር ተቆለፈ፤ ቁልፉም ከእናቴ ጋር ሥራ ሄደ። ከምሳ በኋላ አባባ ኮታቸውን ለብሰው በሩን ነቀነቁት፤ መጀመሪያ በትሕትና፣ ቀጥሎ በሙሉ ጉልበታቸው።

«ይህን በር የቆለፈ ማነው? ሰው ሊወርድ ነው እኮ።»

«እማዬ ናት» አልኩ።

«ለጣቢያው ሹም ንገሪ» አሉኝና መስታወቱን በክርናቸው መቱት። ስብርባሪው እግሬ ሥር ድረስ ተበተነ። ከክንዳቸው ደም በእጅጌያቸው ወርዶ በጣቶቻቸው ይንጠባጠብ ጀመር። ፎጣ አመጣሁላቸው። ያስፈራኝ ደሙ አልነበረም፤ እሳቸው ደሙን አለማየታቸው ነበር። በተሰበረው መስታወት በኩል ማዶውን እያዩ፣ «አመለጠን» አሉ በጣም አዝነው።

በዚያን ዕለት ማታ እናቴ ኩሽና ገብታ ለአባቴ ደወለች። ቃሏ በቧንቧው ውኃ እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። «ሐኪሙማ ቆልፈሽ አታስቀምጪያቸው ነው ያለኝ፣ ይብስባቸዋል ነው ያለኝ … አይ፣ ለአባዬ ከብረት ሌላ መፍትሔ የለም … አዎ፣ እስከ ጣሪያ … ማኅበሩ ይፍቀድልኝ እንጂ በማግስቱ አስገባለሁ።»

ምኑን እንደምታስገባ አልተናገረችም። ቋንቋችን እንዲህ ነው፤ ተናጋሪው የተወውን ሰሚው ይሞላዋል። እኔም ሞላሁት።

ብረት ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ወደ ሳሪስ አቦ ለመሳለም ስንሄድ ታክሲው በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በኩል ያልፍ ነበር። እዚያ ሰዎች ምሳ ዕቃና ፌስታል ይዘው በተርታ ይቆማሉ፤ አንዲት ሴት ሕፃኗን አቅፋ ዝናብ ሲመታት አይቻለሁ። «ምን እየጠበቁ ነው?» ስል ጠይቄ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እናቴን ቀድሞ፣ «ብረት ውስጥ ያለ ሰው አላቸው» አለኝ። እናቴ ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው። እንግዲህ እኔም በቅርቡ ምሳ ዕቃ ይዤ ዝናብ ውስጥ ልቆም ነው። አባባ ከብረቱ ወዲያ ሆነው «ቢዬ» ይሉኛል፤ እጄ አይደርስላቸውም።

በሳምንቱ መጨረሻ እናቴ የጠራችው ብረት በያጅ፣ ቀነኒሳ፣ መጣ። መልካም ሰው ነበር፤ ለእኔ ከረሜላ፣ ለአባባ ጎንበስ ያለ ሰላምታ አልጎደለበትም። ብቻ ሜትሩን አውጥቶ በረንዳውን ሲለካ ከቆየ በኋላ እናቴን ወደ ጥግ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሰውዬው ቁመት ስንት ይሆናል?»

«ከአንተ አይበልጡም» አለች እናቴ፣ ሳሎን ወዳሉት አባባ እያየች።

«እንግዲያው እስከ ግማሽ ብንሠራው ትርፉ ድካም ነው፣ ይወጡታል። እስከ ጣሪያ ይድረስ። ክፍተቱንም አጥብበዋለሁ፤ እጅ ቢያወጡ እንጂ ጭንቅላት እንዳያወጡ።»

«ብቻ አየር ያግኙ» አለች እናቴ።

«አየርማ ያገኛሉ።»

ከረሜላውን ከአፌ አውጥቼ ሳፋው ሥር ደበቅሁት። ጠላት የሰጠውን የበላሁ መስሎኝ ነበር።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ነው አቶ ተስፋሚካኤል በራችንን ያንኳኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ በብብታቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ፤ ልጆች «መጽሐፉ ነው እሳቸውን የሚይዛቸው» እያልን እናሾፍባቸው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ፌኔት ልብሷን ከዝናብ ለመከለል በረንዳዋ ላይ ቆርቆሮ ስታበጅ፣ ክረምት ሳይወጣ አስፈርሰውባታል። ፌኔት ሳሪስ በርበሬ የምትነግድ፣ ምላሷም ከበርበሬዋ የማያንስ ሴት ናት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ሰላም የሚሉት ሊቀ መንበሩ ብቻ ነበሩ፣ እሷ አትመልስም።

«ማመልከቻሽን አየሁት፣ ሥርጉት» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል፣ ሻይም ወንበርም እንቢ ብለው በሩ ላይ ቆመው። «የሌባ ስጋት ብለሻል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ?»

«ዘንድሮ ምኑ ይታመናል ብለው ነው?»

«ስሚኝ ልጄ። ላንቺ ብፈቅድ ለፌኔት ምን ልላት ነው? ነገ ሁሉም በየቀለሙ፣ በየቅርጹ ብረት ይደረድራል። ይህን ሕንፃ ቃሊቲ ልታደርጉት ነው? እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም እዚህ ቤት ብረት አያስገባም። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ የቀረውን እሑድ ጠቅላላ ስብሰባው ይወስናል።»

እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ በፍቅር አየኋቸው። ቃሊቲ የሚለውን ቃል በአፋቸው ጠርተዋል፤ እሳቸው በሕይወት እያሉም ማንም ብረት አይገባም። ያን ማታ ጸሎቴ ላይ ስማቸውን ጨመርኩ። ሰውየው ያሳሰባቸው የሕንፃው ግንባር እንጂ የአባባ ነፃነት እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እናቴ ለምን እውነቱን እንዳልጻፈች አድጌ ጠይቄአታለሁ። «የትኛውን እውነት?» አለችኝ፤ ፊቷ ጠቆረ። «ያስታረቋቸው ሰዎች ፊት ቆሜ አባቴ ጃጅተዋል ልበል? እሳቸው ይህን ቃል በራሳቸው ላይ ሲባል ከሚሰሙ …» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ለካ በቤታችን ያ ቃል የማይነሳው ስለማይታወቅ ሳይሆን ስለሚታወቅ ነበር። ከስብሰባው ቀደም ብሎ እንኳ ደረጃ ላይ አባባ ፌኔትን አስቁመው «ቢዬ» ብለዋት ነበር፤ ፌኔት ስቃ አንድ የሎሚ ፍሬ ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም ጫፉን በጥፍራቸው ጫር አድርገው መለሱላት። «ቀልደኛ ናቸው ጋሼ» ስትል እናቴ አብራ ሳቀች። ሳቋ ግን ከወትሮው ይልቅ ይጮህ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባው ኮሙናል ውስጥ ተጠራ። ኮሙናል የምንለው ለድግስና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራውን የጋራ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናብ ሲዘንብ ተናጋሪው መጮኽ ነበረበት። እናቴ አባባን ቤት ትታቸው መምጣት አልቻለችም። ይዛቸው ስትገባ ሰዉ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ «ኖር፣ ኖር» እየተባለ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ በፋሻ የታሰረ ክንዳቸውን በኮታቸው ሸፍነው ተቀመጡ። እኔ እግራቸው ሥር ኩርምት አልኩ።

ዛሬ ሳስበው የእናቴ ወጥመድ ያ ወንበር ነበር። እውነቱን ካልተናገረች ፈቃዱን አታገኝም፤ ብትናገር ደግሞ የምትናገረው እሳቸው ፊት ነው። ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራ መሄድ አለባት፤ የበረንዳውም በር በመስታወቱ ቦታ ከካርቶን በቀር የሚከላከል አልነበረውም።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል ዝናቡን ለማሸነፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ወይዘሮ ሥርጉት በረንዳቸውን እስከ ጣሪያ በብረት ለመዝጋት አመልክተዋል። በደንባችን መሠረት የሕንፃውን ውጫዊ ገጽታ የሚለውጥ ሥራ ያለ ጠቅላላ ስብሰባው ፈቃድ አይሠራም። የቀረበው ምክንያት የሌባ ስጋት ነው።»

«አራተኛ ፎቅ?» አለች ፌኔት ከኋላ። «እንዲያማ ከሆነ ሌባው ባለ ክንፍ ነው። ለእሱ ብረት ሳይሆን ወጥመድ ነው የሚያስፈልገው።»

ሰዉ ሳቀ። ፌኔት ሳቁን አግኝታ ልትለቀው አልፈለገችም። «እኔ ቆርቆሮዬን በዝናብ መካከል ሲያስፈርሱብኝ ያላሰብኩት ይህንኑ ነው። ሌባ በላዬ ላይ ይዘንባል ብል ኖሮ ይተዉልኝ ነበር።»

«እኅቴ፣ ተራሽን ጠብቂ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ወይዘሮ ሥርጉት፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ተሰርቆ የሚያውቅ ቤት የለም። አንዱ ብረት ካስገባ ነገ ሁሉም ያስገባል። ሌላ ምክንያት ካለዎት ይንገሩንና እንመዝነው።»

እናቴ ተነሳች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። አባባን አየች። አባባ ተመልሰው አዩአትና በርቺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ልጃቸው በሰው ፊት ስትናገር ደስ ብሏቸዋል።

«የለኝም» አለች። «ሌላ ምክንያት የለኝም።» ተቀመጠች።

እኔ በውስጤ ደስ አለኝ፤ ብረቱ ሊቀር ነው። አቶ ተስፋሚካኤል ደንቡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እንግዲያውስ ድምፅ እንስጥ። ጥያቄውን የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ።»

እኔ ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ተነስቼ ቆሜ።

ሳቁ እንደገና ተነሳ። «ሮዳስ፣ ቁጭ በይ» አለች እናቴ በጥርሷ መካከል።

«ተያት» አለች ፌኔት፤ «እሷስ ነዋሪ አይደለችም እንዴ? ተናገሪ የኔ እናት፣ አትፍሪ። ለምንድነው የምትቃወሚው?»

«አባባ ብረት መግባት የለባቸውም» አልኩ። ዝናቡ ድምፄን እንዳይውጠው ጮኽኩ። «ምንም አላጠፉም። እኛ በረንዳ ላይ ባቡር ነው የምንጫወተው፣ ሌላ ነገር አንሠራም። እማዬ ናት መሬት ላይ የጣለቻቸው።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሰዉ አሁንም ፈገግታው ፊቱ ላይ ነው። አቶ ተስፋሚካኤል ግን ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፤ ወዳጄ ናቸውና ሁሉን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

«የምን ባቡር ነው የምትጫወቱት?»

«ወደ አቃቂ የሚሄድ። እስካሁን ከዱከም አላለፍንም። ነገ ግን እንደርሳለን ብለውኛል። ባቡሩ ሲቀዘቅዝ አባባ በብረቱ ላይ ተሻግረው ቀድመው ይወርዳሉ። ከዚያ እኔ ሳፋው ላይ ቆሜ እሻገርና እዘላለሁ፣ እሳቸው ታች ሆነው ይቀበሉኛል። አውቄዋለሁ፤ ፊት ወደ ባቡሩ አካሄድ፣ ቀኝ እግር፣ ከዚያ እጅን መልቀቅ።»

ፌኔት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከመካከል አንድ ሰው «በስመ አብ» አለ ቀስ ብሎ። ወደ እናቴ ዞርኩ፤ የምትቆጣኝ መስሎኝ። አላየችኝም። እግሮቼን ነበር የምታየው፣ ሁለቱን እግሮቼን፣ መሬት ላይ መኖራቸውን የምታረጋግጥ ይመስል።

«አትፈራም» አሉ አባባ በኩራት ለጉባኤው። «ሴት ልጅ ናት ብላችሁ አትናቋት። ቆሞ ሳይሆን ሲሄድ መውረድ አስተምሬያታለሁ።»

የተከበሩ ሽማግሌ ፊት የሚባል አልተገኘም። ሁሉም የየጫማውን ጫፍ ያያል። ዛሬም ድረስ አቶ ተስፋሚካኤልን የምወዳቸው ቀጥለው ስላደረጉት ነገር ነው፤ የልጅነት ፍቅሬ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ሰው ላይ አርፎ ነበር። ደንቡን ጠረጴዛው ላይ ትተው መጥተው፣ ከአባባ ወንበር ፊት እንደ የበታች ሠራተኛ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጋሽ ገብረጻድቅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእርስዎ ጊዜ ባቡር በሩ ሳይዘጋ ከጣቢያ ይነሳ ነበር?»

አባባ በወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነበር፤ ድምፃቸው ወጣት ሆነ። «በፍጹም። በር ክፍት ሆኖ የተነሳ እንደሆነ ተጠያቂው ኮንትሮለሩ ነው። ደንብ ነው።»

«እኛ ዘንድ አንድ ፉርጎ ክፍት ነው።»

«የትኛው?»

«አራተኛው።»

«ባዶ ፉርጎ ነው?»

«ሕፃን ተሳፍራበታለች።»

አባባ ፊታቸው ተለወጠ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ሕፃን ተሳፍራ? ታዲያ እናንተ እዚህ ተሰብስባችሁ ምን ታወራላችሁ? ይዘጋ እንጂ።»

«እንግዲያው ይዘጋ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል ወደ ጉባኤው ዞረው።

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የአባባ እጅ ነበር፤ በፋሻ የታሰረው። ቀጥሎ የፌኔት፤ ሁለቱንም እጆቿን ነው ያወጣችው። ቀጥሎ ኮሙናል ሙሉ እጅ ሆነ። ጸሐፊው በምን ምክንያት ብሎ እንደሚመዘግብ ሲጠይቅ ሊቀ መንበሩ፣ «የሌባ ስጋት። እንደተጻፈ ይቆይ» አሉት። «ቀለሙ ከሕንፃው ቀለም ጋር ይመሳሰል በል። ፌኔት፣ የአንቺን ቆርቆሮ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን፤ እስከዚያ ግን ምላስሽን አሳርፊልኝ።»

«እሱን አልፈርምም» አለች ፌኔት ዓይኗን እየጠረገች።

እኔ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ሁሉም ከድተውኛል፤ አባባም ራሳቸው በራሳቸው ላይ ፈርደዋል። አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ቲኬት ስሰጣቸው ኖረው በአልጋቸው ላይ እንደሚያርፉ፣ ያም ከዚያች ቀን የተገኘ ስጦታ እንደሆነ ማን ይንገረኝ።

ስንወጣ አቶ ተስፋሚካኤል አባባን ደግፈው፣ ስለ ባቡር እያስወሯቸው ከኋላ ቀሩ። እናቴ እኔን ይዛ ቀደመች። የያዘችው እጄን አልነበረም፣ አንጓዬን ነው። ዝናቡን አቋርጠን፣ ደረጃውን ወለል በወለል ስንወጣም አልለቀቀችኝም። ከቦርሳዋ ቁልፉን በግራ እጇ ፈልጋ በግራ እጇ ከፈተች። የረጠበ ጫማዬን በአንድ እጇ አወለቀችልኝ። «እማዬ፣ አመመኝ» አልኳት። ላላ አደረገችልኝ፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ ጨበጠችኝ። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ይቅርታ ጠየቅኋት። የበረንዳው በር ላይ፣ ካርቶኑ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እኔን በጉልበቷ መካከል አስገባችኝ። በማግስቱ ሥራ አልሄደችም፤ ቀነኒሳ ብረቱን ተሸክሞ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ በር የራቀች አይመስለኝም። አንጓዬ ላይ የነበሩት ጣቶቿ ያን ማታ አልላሉም፤ እኔ ከቁጣ ነው ብዬ ነበር።